አንድ ቃሬዛ፣ ሁለት መቃብር

ይድረስ ለወንድሜ ለአያሌው፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህ ጌጤስ፣ ልጆቹስ እንደምን አሉልኝ? የድሬዳዋ ሙቀት አልበረታባችሁም ወይ? እኔ እህትህ ታንጉት እንደ ወጉ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ልልህ ብዕር አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። እግዚአብሔርስ ሁልጊዜም ይመስገን፤ ደህና ግን አይደለሁም። ተናድጃለሁ። በአንተም፣ በአገሬውም፣ በራሴም ተናድጃለሁ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ታላቅህ ነኝና ብቆጣህ አይክፋህ። ቢከፋህም ግድ የለኝም።

ደብዳቤህና አሥራ አምስት ሜትር አቡጀዲህ በሾፌሩ እጅ ደርሶኛል። ስለ አባ ጥላዬ ሞት ሰምተህ ገጹን ሙሉ የጻፍከው ስለ እሳቸው ነው። የት ተቀበሩ፣ ማን ቀበራቸው፣ እስላሞቹ ወስደዋቸው እንዳይሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ካረፉ ጨርቁን መቃብራቸው ላይ አልብሺልኝ ብለሃል። ስለ እናታችን የጻፍከው አንድ መስመር ነው፤ ደህና እንደምትሆን አምናለሁ ትላለህ። በምን አመንክ?

አባ ጥላዬን ለምን እንደምትወዳቸው አላጣሁትም። ኩፍኝ የያዘህ ጊዜ እናታችን ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እሚቀመጡበት ሾላ ሥር ወስዳ እግራቸው ላይ አስተኛችህ። የዚያኑ ዕለት የጎረቤታችን የዚነት እናትም የዚነትን ወንድም ታሂርን ይዛ መጥታ ነበር። ሁለታችሁንም በአንድ ጋቢ ሸፍነው አሳደሯችሁ፤ ሁለታችሁም ዳናችሁ። አሁን ድሬዳዋ ተቀምጠህ «እስላሞቹ» ስትል ያን ጋቢ አላስታወስከውም።

ክርስቲያኑ ባሕታዊ ናቸው ይል ነበር፣ እስላሙ ወልይ ናቸው ይል ነበር። አንገታቸው ላይ ማተብ፣ እጃቸው ላይ የእስላም መቁጠሪያ ሙስበሃ ያየ የለም። ሰዉ ለጸሎት ተሰብስቦ ወዳጃ ሲደረግ ለዱዓውም ለምህላውም እኩል አሚን ይሉ ነበር። ሃይማኖታቸውን የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ መልሳቸው በልተሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ነበር። የመጣላቸውን ስለትም ለራባቸው ከመስጠት በቀር ሲያስቀምጡት አላየንም።

ያለፈው ክረምት ሳይዘንብ ቀረ፤ በልጉም ከዳን። ከዋጃ በኩልም ከደጋውም ሰው እየጎረፈ አውራ ጎዳናው ዳር ተኮለኮለ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር እጁን ይዘረጋል። እንግዳ ሊያልፍ ነው በተባለ ቀን ደግሞ አንድ ሹም መንገዱን አስጠርጎ ሰዉን ወደ ቁጥቋጦው አስነዳው። ከብት እንኳ እንዲያ አይነዳም። የአባ ጥላዬም ስለት ያን ሰሞን ተቋረጠ። ዝናብ ለምነው ካላመጡ ምን ይሠሩልናል አለ እህል ያለው ሁሉ። ከእኛ አቶ ጋሹ፣ ከእስላሙ ሀጂ በድረዲን፣ ሁለቱም የእህል ጉድጓዳቸው ማሽላ እንደሞላ አገር ያውቃል፤ ሁለቱም በዚያ መንገድ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ነበር።

እኔም ከእነሱ አልሻልም። ከህንዱ መምህር ከሚስተር ናራያን ቤት ወጥ እየሠራሁ እንደምኖር ታውቃለህ፤ ሥጋም ዕንቁላልም አይነካምና መጀመሪያ መነኩሴ መስሎን የነበረው ሰውዬ ነው። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ሐሙስ ጠዋት የእሱን ምስር በነጠላዬ ሸሽጌ በሾላው በኩል ሳልፍ አባ ጥላዬ ቀና ብለው አዩኝ። ስመለስ ጥቂት እቆነጥርላቸዋለሁ አልኩ። ስመለስ ሞተው አገኘኋቸው። በሕይወቴ የማልረሳው ይህን ነው።

ከዚያማ ፊቱን ያዞረባቸው ሁሉ ተሰበሰበ። የእህል ጉድጓዳቸውን ያልከፈቱ ሰዎች መቃብር ለመቆፈር ተሽቀዳደሙ። አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ እስላም መቃብር፣ ለአንድ ሰው ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረ። የቀብር ማኅበራችን ቅሬው ከጥንት አንድ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ክርስቲያን ሲሞት እስላሙ ይቆፍራል፣ እስላም ሲሞት ክርስቲያኑ ይሸከማል። ቃሬዛውም አንድ ነው። ይህን አንዱን ቃሬዛ አቶ ጋሹ በራስጌ፣ ሀጂ በድረዲን በግርጌ ይዘው አንለቅም ተባባሉ። ሁለት ቀን! የመንገዱ ሬሳ በዚያ ሁለት ቀን ቃሬዛ አጥቶ በእግሩ ሲጎተት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ይህን ለሚስተር ናራያን እያለቀስኩ ነገርኩት። እሱም በተሰባበረ አማርኛው የአገሩን ታሪክ አጫወተኝ። በጥንት ዘመን ከቢር የሚባል ሸማኔ ነበር አለኝ፤ ሂንዱውም እስላሙም ቅዱሳችን ነው የሚለው። ሲሞት አንዱ ወገን እናቃጥለው፣ አንዱ እንቅበረው ብለው ተጣሉ። ጨርቁን ቢገልጡ ሬሳ የለም፣ አበባ ብቻ። እኩል ተካፈሉት። እኔ ግን በንዴቴ ሰውዬው በሕይወቱ ሳለስ ያበላው ነበረ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሚስተር ናራያንም ከቢር እየሸመነ የላቡን ይበላ ነበር አለኝ። የኛው ሰውዬ መሸመን አልቻሉም፤ የኛን አገር ሰው እጅ እያዩ ነው የሞቱ። አበባ እስኪበቅል ብንጠብቅ ደግሞ ጅብ ይቀድመናል።

ወጥቼ ዚነትን ጠራኋት። ሰዎቹ ለዳኝነት ሹሙ ዘንድ ሄደዋል፤ ሬሳውን የሚጠብቀው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይርጋ ብቻ ነበር። እሱም አንጀቱ ቆስሏልና ብዙ አላስለመነንም። ይርጋ አጠባቸው። ቃሬዛውን ባለመብቶቹ እሹሙ ደጅ ድረስ ተሸክመውት ስለሄዱ በቁርበት አነሳናቸው፤ ሕፃን ያህል ነበር የሚከብዱት። በቀትር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የመንገዱ ሙታን ከሚቀበሩበት ጉድጓድ ወስደን ከሰዉ መካከል አስተኛናቸው። ዚነት የምታውቀውን አለች፣ እኔም የማውቀውን አልኩ። ስንመለስ በዚያው በሾላው ሥር የዚያን ዕለት ጠዋት የሞቱ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የአባ ጥላዬን ጋቢ ለሁለቱ አለበስናቸው።

አቶ ጋሹና ሀጂ በድረዲን ከነተከታያቸው መጥተው ጋቢውን ሲገልጡ አበባ አላገኙም። ሁለት ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች አገኙ።  ይርጋም ሁለት ሬሳ አለ፣ ሁለት መቃብር ተቆፍሯል፣ በሉ ተካፈሉ አላቸው። ሴትዮዋን ቤተ ክርስቲያን፣ ሽማግሌውን እስላም መቃብር ቀበሯቸው። በትክክል ይሁን በተገላቢጦሽ የሚያውቅ የለም። ሀጂ በድረዲን አፍሮ ይሁን ፈርቶ ማሽላውን ሁለት ቀን ለተራበው ሰፈረ፣ በሦስተኛው ጉድጓዱን መልሶ ከደነው። አቶ ጋሹ ያንንም አላደረገ።

እና አያሌው፣ ጉድጓዱ ብዙ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልነግርህም። ብነግርህ ነገ ደግሞ አፈሩን ይጣሉበታል። አቡጀዲህንም መቃብር አላለበስኩበትም። ቀድጄ ቀድጄ ከመንገዱ ዳር አምስት ሰው ገነዝኩበት። የአንዳቸውንም ሃይማኖት አልጠየቅኩም። ከተቆጣህ ተቆጣ።

ለጌጤ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ልጆቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ። ዚነት ሰላም ብላሃለች፤ ወንድሟ ታሂርም ኑሮ ፍለጋ አሰብ ወርዷል፤ ከደረሰ ወዲህ ሁለት ቁና ማሽላ ልኮ ግማሹን ለእናታችን አካፍለውን ነበር፤ እሱም አልቋል። ይርጋም እንደምን አለ ይልሃል።

እናታችን ከመደቡ መነሳት ከተወች ሦስት ሳምንቷ ነው። የምትበላው ሚስተር ናራያን ከምሳው የሚቀንስላትን ነው፤ እሱም ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሰኔ መጨረሻ ወደ አገሩ ይሄዳል። ከአቡጀዲህ ሁለት ሜትር ተኩል ተርፎ ራስጌዋ አስቀምጬው ነበር። ዳሰሰችውና ልጄ ለመስቀል ቀሚስ ላከልኝ አለች። ለማን እንደላክኸው አልነገርኳትም። ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ ታሳያለች። እኔም መርፌና ክር አዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ። እህል ላክና ቀሚሷን ልስፋላት፤ ለመግነዝ ከሆነ መርፌ አያስፈልገኝም።

እህትህ ታንጉት
ቆቦ፣ ግንቦት 28 ቀን 1965 ዓ.ም.