ኮምቢህ ትርፍ ቤት ተባለች

ላሊበላ፣ የካቲት 10 ቀን 1971 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ከፋለ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው በጤና ጥያቄ ነው፤ መምህራችን እንዲያ ነው ያስተማሩን። እኔ ግን ከጤናህ በፊት ኃጢአቴን ላስቀድም፣ ሸክሙ ከብዶኛል። እነሆ በእግዚአብሔርና በአንተ ፊት ቆሜ እናዘዛለሁ፦ የእምዬን የጥምቀት ነጠላ አራት ቦታ ቆራርጬ የዚያች መኪናህ የኮምቢህ መጋረጃ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አይጥ አልበላውም። ለአይጡ የተጠመደው ወጥመድ ዛሬም ሣጥኑ ሥር አለ፤ እስካሁን የያዘው ግን የአባባን አውራ ጣት ብቻ ነው። ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ ስለሰፋሁት፣ መጋረጃውስ ያምራል።

አሁን እንግዲህ ጤናህ እንዴት ነው? ወልድያ የሄድከው ለኮምቢዋ በተበላሸው ፍሪሲዮን ፈንታ ሌላ ልትፈልግ ነበር። «ሁለት ሳምንት» አልከኝ። አምስት ወር ሆነህ። በመሀሉ በነጋዴው በአብዱልሀሚድ እጅ አንድ ወረቀት ላክህልኝ፤ ስለ ራስህ አንድ ቃል የለበትም፣ ከላይ እስከ ታች የሥራ ትእዛዝ ነው። የኋላ ወንበሮች ይነቀሉ። አልጋ ይሠራ፣ ቀን ቀን የሚታጠፍ። ለላምባ ምድጃው መደርደሪያ፣ ለውሃው ጀሪካን ማሰሪያ፣ ለገመዱ ማንጠልጠያ ይበጅ። እኔም ታዛዥ እህት ነኝና አናጢውን ሞላን ጠራሁት።

ሞላን ታውቀዋለህ። «አንድ ሜትር ከሰማንያ» ብለህ የጻፍከውን ሳነብለት «ሜትር አልያዝኩም፣ ግድ የለም» አለና ኮምቢዋ ውስጥ ተጋድሞ በራሱ ቁመት ለካ። አልጋው ለሞላ ልክክ ብሏል። አንተ ስትመጣ ወይ ጉልበትህን ታጥፋለህ፣ ወይ ሞላን በእንግድነት ታሳድራለህ። ማጠፊያ ብረት ስላጣን በጠፍር አስረነዋል፤ ሲታጠፍ እንደ አሮጌ ጫማ ይጮኻል። ከተነቀሉት ወንበሮች አንዱን እደጃፍ አስቀምጠነው ሽማግሌዎቹ ሁሉ ፀሐይ ይሞቁበታል። መምሬ ጋሻዬማ ካልተገፉ አይነሱም።

እሳቸው ናቸው አንድ ቀን እዚያው ወንበር ላይ ሆነው የጠየቁኝ።

«አንቺ የሻረግ፣ ይኸ ወንድምሽ ሰዎችን በመኪና ተራራ ሥር አሳድሮ ጠዋት ሽቅብ ሊነዳቸው ነው አሉ። ምን ጠፍቷቸው ነው?»

«ምንም አልጠፋቸውም አባ። ስፖርት ነው።»

«ሊሳለሙ ነው?»

«አይደለም አባ፣ ወጥተው ሊወርዱ ነው።»

«እኔ አሸተን ማርያምን አርባ ዓመት ወጥቼ ወረድኩ። ስፖርተኛ ነኛ!»

«ነዎት እንጂ።»

«ታዲያ ዋንጫዬ የታለ?»

ምን ልመልስላቸው? እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም አልገባኝም። ያ ተራራ ወጪ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ኮምቢዋን በወረቀት ፈርሞ ሲሰጥህ ገና ልጅ ነበርኩ። አሁን ፈረንጅ አይመጣም፣ ሆቴሉም ጭር ብሏል። አንተ ግን «ይመጣሉ፤ ባይመጡም የእኛ ሰዎች ይወጣሉ» ትላለህ። እኔ ያመንኩህ ገብቶኝ አይደለም፤ መጀመሪያ የምትወስደኝ እኔን እንደሆነ ስለነገርከኝ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ምስጋኑ መጣ። አዎ፣ ካንተ ጋር አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረው ምስጋኑ። አሁን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስለሆነ «ጓድ» ካላልከው ጆሮው አይሰማም። በእጁ ደብተር፣ ከኋላው አንድ ዘበኛ። መኪና ያለው ሁሉ ለእህል ማመላለሻ ይመዘገባል፣ የተበላሸም ቢሆን ተጎትቶ ይወሰዳል አለ። አባባ ማሳ ናቸው። እምዬ ወንዝ ወርዳለች። የቀረሁት እኔና ምላሴ ነን።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ መኪና አይደለችም» አልኩት። «ቤት ናት።»

«በምን ሒሳብ?»

«አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ መጋረጃ አላት። መኪና ይሄዳል፤ እሷ አምስት ወር አልተንቀሳቀሰችም። ጎማዋ ሥር እንኳ ዶሮአችን ጫጩት አስፈልፍላለች።»

ገባ። አልጋው ላይ ተቀመጠ። መጋረጃውን ሳበ፣ መለሰ። ምድጃውን በጣቱ ነካው። ፊቱ ፈታ ሲል አሸነፍኩት ብዬ በልቤ ዘፈንኩ።

«እውነትሽን ነው፤ ቤት ናት» አለና ደብተሩን ገለጠ። «የማን ቤት?»

«የእኛ!»

«ታዲያ ይኸኛውም ትልቁ ቤት የአባትሽ አይደል?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፣ ትርፉ የመንግሥት ነው፤ አዋጁን ትምህርት ቤት በቃሌ አጥንቼ አሥር ከአሥር ያገኘሁት እኔው ነኝ! ዘበኛው በሩ ላይ በቀይ ቀለም የቤት ቁጥር ጻፈበት። ከቅበላ እሑድ በኋላ እሱ ራሱ ከነሚስቱ ሊገባበት ነው፤ አልጋውን ገና ቆሞ ሲለካው አየሁት፣ ቁመቱም እንደ ሞላ ነው። ከመኪናነት ላስጥላት ብዬ ቤት አድርጌ አስያዝኳት።

አባባ ከማሳ ሲመጡ ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት አጎዛቸውንና ጋቢያቸውን ጠቅልለው ኮምቢህ ውስጥ ገቡ። አዎ፣ አባባ! ደጃፏ ሲያልፉ ፊታቸውን የሚያዞሩት አባባ። ምስጋኑ ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«ከሚስቴ ከባንችይርጋ ጋር ተጣልቻለሁ» አሉት። «ትልቁ ቤት የእሷ ነው። የእኔ ይኸ ነው።»

«መቼ ተጣላችሁ?»

«ዛሬ።»

«በምን?»

አባባ ውሸት አያውቁበትምና እኔን አዩኝ። እኔም «በነጠላ ነው ጓድ!» አልኩ። እምዬ ከጓዳ ምንም ሳታውቅ «አዎ፣ በነጠላ ነው!» ብላ ጮኸች። ምስጋኑ ግራ ገብቶት «ተጣልተዋል» ብሎ ጻፈ። ሲወጣ ግን «ቀበሌው ያጣራል» አለ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨዋታ ነበር። የተጣላ ባል የሚስቱን ወጥ ሲበላ እንዳይታይ ምግባቸውን በደብተር ቦርሳዬ አመላልሳለሁ፤ የታሪክ ደብተሬ እስከ ዛሬ ሽሮ ሽሮ ይላል። ችግሩ የመጣው ማንም ባላሰበው በኩል ነው። ሽማግሌዎቹ ሰሙ።

የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ታውቃቸዋለህ፤ ጠብ ሲሰሙ እንደ ሠርግ ነው የሚለብሱት። መምሬ ጋሻዬ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። «የነፍስ ልጆቼ ተጣልተው ጾም አይገቡም፤ በቅበላ እሑድ ትታረቃላችሁ» አሉ። እውነቱን እንዳንነግራቸው መምሬ ምስጢር ይጠብቃሉ፤ ምስጢር መያዛቸውን ግን ለሁሉም ይናገራሉ። ከታረቁ ደግሞ ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ኮምቢዋም ትርፍ ናት። ዕርቅ እንዳይሰምር የሚጸልይ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ባለፈው እሑድ ስጸልይ ነበር።

ከቅበላው በፊት በደሉን ሊሰሙ፣ ሽማግሌዎቹ እደጃፍ ያለው የመኪናው ወንበር ላይ ተሰየሙ። ምስጋኑም ደብተሩን ይዞ ጥግ ቆመ። እምዬን በደሏን ጠየቋት። «ነጠላዬን» እንድትል ተነጋግረን ነበር፤ አስጠንቻታለሁ።

«ልጄን አባረረብኝ» አለች።

ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ያለችውን ሰው ነው እንዲህ ያለችው።

«ያን ቀን ጠዋት 'ከነቆርቆሮህ ውጣልኝ' አለው። ልጄ ቆርቆሮውን መጎተት አልቻለም። ብቻውን ሄደ።»

አባባን አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። አልካዱም። መምሬ ግን ነገሩ ስለቀለለላቸው ደስ ብሏቸው መቋሚያቸውን መሬት መታ አደረጉ። «በቃ! ጠቡን ያመጣው ብረቱ ነው። በቅበላ ብረቱ ይወሰድ፣ ባልየውም ቤቱ ይግባ።» ምስጋኑ እየሣቀ ጻፈ።

ማታ እምዬን «እንዴት አድርገሽ ነው ያስመሰልሽው?» አልኳት።

«ምን አስመሰልኩ?» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ይህን ብላኝ ግን የአባባን ወጥ ስታወጣ ቅቤ ጨመረችበት፤ ከወትሮው የበለጠ። ከፋለ፣ ጠቡ ውሸት ከሆነ ለምን አለቀሰች? እውነት ከሆነስ ቅቤው ምንድን ነው? አንተስ የሄድከው ለፍሪሲዮን ነው ወይስ ተባርረህ? ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? ወረቀትህን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። አልጋ፣ መደርደሪያ፣ ማንጠልጠያ። የሚመለስ ሰው ነው እንዲህ የሚያዝ እላለሁ፤ ደግሞ ወዲያው፣ ሊመለስ የማይችል ሰው ነው በሩቅ የሚያሠራ እላለሁ። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

ትናንት ምሳ ይዤ ስገባ አባባ ጉልበታቸውን አጥፈው ተጋድመው ጣራውን ያያሉ።

«የሻረግ፣ እዚህ አድሮ ጠዋት ወዴት ነበር የሚሄደው?»

«አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ይወጣል።»

«ከዚያስ?»

«ይወርዳል።»

«ከዚያስ?»

«ሻይ ያፈላል።»

ወደ ላምባ ምድጃው ዞር አሉ። «ሻዩ ደግ ነው» አሉ።

ከዚያ በላይ ልናገር ስል «ማንም እንዳይጽፍለት። ማንም እንዳይለምነው። ከመጣ በራሱ ይምጣ» አሉኝ። ይኸው እኔ እሳቸው ወደ ገበያ ወጣ ሲሉ ጠብቄ፣ እዚችው ኮምቢ ውስጥ፣ መሪው ላይ ደብተሬን አስደግፌ እጽፋለሁ። ገበያው ሊበተን ነው፤ አብዱልሀሚድ ታች በቅሎዎቹን እየጫነ ነው። «ኢንሻአላህ ማክሰኞ እጁ ላይ አደርስልሻለሁ» ብሎኛል።

ምስጋኑን ለብቻው ይዤ ለመንኩት። ምንም ቢሆን አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ አብራችሁ ተምራችኋል። «ከፋለ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ በስሙ ቤት የለውም» አለኝ። «በቅበላ እሑድ በአካል ቀርቦ ቤቴ ነው ብሎ ከፈረመ ትርፍ አይባልም። ካልመጣ ግን እኔ ምን ላድርግ?» ከመጣህ አባባም ወደ እምዬ ይገባሉ፣ መምሬም አስታረቅሁ ብለው ይፎክራሉ፣ ዘበኛውም ሌላ አልጋ ይለካል።

ካልመጣህ ኮምቢዋ ትሄዳለች። እሷስ ትሂድ፤ ይኸን የምልህ ነጠላ የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። የምፈራው ሌላ ነው። አባባ በሽማግሌ ቃል ወደ ትልቁ ቤት ይገባሉ፣ ሁለቱም አንድ መሶብ ከበው ይቀመጣሉ፣ እምዬ ያን ቀን የተናገረችውም መሀላቸው ይቀመጣል። ያንን ማን ያነሣዋል? መምሬ እንደሆኑ ብረት ብቻ ነው የሚታያቸው።

ስለዚህ ፍሪሲዮኑን ተወው። አግኝተህም ከሆነ ተወው፣ አላገኘህም ከሆነ ተወው። ማክሰኞ ደብዳቤው ከደረሰህ ረቡዕ ከተነሣህ በእግርህም ቅዳሜ ትደርሳለህ። ተራራ መውጣት ስፖርት ነው ስትል አልነበር? መንገዱ ሁሉ ሽቅብ ነው፣ ደስ ይበልህ።

እኔም ቃል እገባለሁ፤ የነጠላውን ነገር አንተ በመጣህ ቀን ለእምዬ እነግራታለሁ፣ አንተን ስታይ ዱላው ይረሳታልና።

የምትናፍቅህ እህትህ፣

የሻ

«የሻረግ!»

አባባ ናቸው። በመስኮቱ ነው የያዙኝ፤ ያን ሁሉ መጋረጃ ሰፍቼ መዝጋቱን ረሳሁት። «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለከፋለ» አልኩ፤ መዋሸት እችል ነበር፣ ምላሴ እንቢ አለኝ። ቁጣውን ጠበቅሁ። እሳቸው ወደ አብዱልሀሚድ በቅሎዎች ዞረው ብዙ አዩ። ከዚያ «አሟቸዋል ብለሽ ጻፊበት» አሉኝ።

አላመማቸውም ከፋለ። ጠዋት አንድ ሙሉ እንጀራ በልተዋል።

«ምን አሟቸው ልበለው?» አልኳቸው።

«እሱ ያውቀዋል» አሉኝ።