ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ስምሽ

ውድ ዶርቃ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አልጀምርም፤ በየትኛው አፌ! ጽሑፌ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ቀኙን እነሚሳኤል ትናንት ለቡ መብራት ኃይል፣ ታክሲ መያዣው ጋ፣ በድንጋይ ሰበሩት። ለምን እንደሰበሩት እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን እኔ አንቺን ያደረግኩሽን።

ያን ሐሙስ ቲቸር ደምሰው ለስብሰባ ሲጠራ እንደ ልማዱ ጠመኔውን ለኔ ሰጠኝ፤ የክፍል አለቃ ነኛ! «የሚያወራውን ሁሉ ስሙን ጻፍ» ብሎኝ ወጣ። ክፍሉ ወዲያው ገበያ ሆነ። ማን ነበር የሚጮኸው? እኛው ወንዶቹ! ዓመቱን ሙሉ ሳንጠየቅ የምንመልሰው እኛ፣ እናንተ አፋችሁን ስትከፍቱ የምናሽካካው እኛ። ቲቸር ግን ሁካታ በሰማ ቁጥር «እነዚህ ሴቶች ወሬ አይጠግቡም» ይላል። እኛም እንስቃለን።

የሰባት ወንዶች ስም ጻፍኩ። ሚሳኤል ተነስቶ መጣና «ስሜን ካላጠፋህ ከበር ውጭ ጥርስህን ትለቅማታለህ» አለኝ። ፈራሁ። ሁሉንም በእጅጌዬ ጠረግኩት። ቲቸርን ባዶ ሰሌዳ ከጠበቀው ደግሞ የምገረፈው እኔ ነኝ። አየሁሽ፤ አንገትሽን ደፍተሽ ሒሳብ ትሠሪያለሽ። ሴት ናት፣ አትማታም፣ ቲቸርም ያምናል ብዬ «ዶርቃ» ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቲቸር ተመልሶ ስምሽን ሲጠራ «እኔ አላወራሁም» አልሽ። ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ድምፅሽን የሰማሁት ያኔ ነው። «ጭራሽ ትመልሺልኛለሽ!» ብሎ በመግረፊያ ጎማው ጆሮ ግንድሽን አለሽ። ወደቅሽ። ወድቀሽም አልተወሽም፤ ጀርባሽን፣ ክንድሽን፣ ደግሞ ጭንቅላትሽን። የዩኒፎርምሽ አንገትጌ በደም ራሰ። እኔ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆሜ አየሁ።

ግራ ጆሮሽ አይሰማም ሲሉኝም ሦስት ቀን ጥፋቴን ደበቅኩ። «ረባሽ ናት፣ መምህር ተዳፈረች» ብለው ሊያባርሩሽ እንደሆነ ስሰማ ግን አላስቻለኝም፤ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ የሰባቱንም ስም ጭምር። እጄን ያሰበረኝ ይኼ ነው። ይበለኝ!

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይጠራሻል። አባትሽ «ልጄ ዓይነ አፋር ናት፣ እኔ እናገርላታለሁ» ብለዋል አሉ። በናትሽ እሺ እንዳትያቸው። አምስቱም ኮሚቴዎች ወንዶች ናቸው፣ ያቋርጡሻል፤ ሲያቋርጡሽ ከመጀመሪያው ጀምሪ። አንዷንም ቃል እንዳትተዪላቸው። የመታሽን ከመጥራትሽ በፊት ደግሞ ያስመታሽን ጥሪ። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ስሜን ስትጠሪ «አቤት» ብዬ እገባለሁ።

አዶኒያስ