ለሚስቱ ሲል

ሴፕቴምበር 9
ሲዘንብ ዋለ። ቲማቲም ለቀምኩ፣ ግማሹ ገና ጥሬ ነው። ከርት ደውሎ «አርሊን፣ የምርጫ ገንዘብ ሪፖርቱን ፈርሚልኝ» አለ። እንደ ሁልጊዜው ፈረምኩ። «ለኮንግረስ ስወዳደር ገንዘብ ያዥ ሁኚልኝ» ሲለኝ እምቢ እንዴት ይባላል? ጎረቤቴ ነው።

ሴፕቴምበር 23
ጉድ ፈላ። ከርት ሚልዋኪ ውስጥ ውሽማ ነበረችው አለ ጋዜጣው። በኦገስት አፏን እንድትይዝ አንድ ባለጠጋ ወዳጁ ከፍሎላታል። የተከፈለው ለምርጫው ሲባል ከሆነ ሕጉ ከሚፈቅደው ስጦታ በላይ ነው፣ ሪፖርቱም ውስጥ የለም። ሪፖርቱ እውነት ነው ብዬ የፈረምኩት ደግሞ... እኔ።

ሴፕቴምበር 25
የከርት ጠበቃ መጣ። «አይዞዎት ወይዘሮ አርሊን። ጥያቄው አንድ ነው፤ ባይወዳደርስ ያስከፍል ነበር? አዎ ከሆነ የግል ጉዳዩ ነው፣ እርስዎም ነጻ ነዎት።»
«ያስከፍል ነበር?»
«እንዴታ! ለሚስቱ ሲል ነው። ማርሊስ እንዳትሰማ።»
ማርሊስ እኮ ታውቅ ነበር! አምና፣ ከቀብር ምሳ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ሳህን ስናጥብ ነግራኛለች። «ማወቄን ነግሬዋለሁ» ብላ ድስቱን ፈተገችው። ታዲያ ከሚስቱ ምኑን ሊደብቅ ነው የተከፈለው? እዚያ የተወራ እዚያው ይቀራል። ሁላችንም እንደዚያ ነን።

ኦክቶበር 2
ቴሌቪዥን ላይ ሁለት የሕግ ሰዎች ሲከራከሩ ዋሉ። «ሚስት መፍራት የምርጫ ወጪ ነው እንዴ? እንግዲያው ለሚስቱ የሚገዛው አበባም ይመዝገብ!» አለ አንደኛው። ሁለተኛዋ፣ ሴትየዋ፣ ሳቀችበት። «ሚስቱን መፍራት የጀመረው ምርጫው ሲደርስ ነው?»
እኔ መሳቅ አቃተኝ። መኪና ባለፈ ቁጥር መጋረጃ እገልጣለሁ።

ኦክቶበር 4
ክስ ይመሥረት አይመሥረት በሚወስኑት፣ ከሕዝብ በተመረጡት መርማሪ ዳኞች ፊት እንድመሰክር መጥሪያ መጣ።

ኦክቶበር 6
አርብ፣ ዓሣ ቤት። ማርሊስ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።
«እኔ የሰማሁት ከጋዜጣው ነው። ገባሽ?»
«ማርሊስ...»
«የኩሽና ወሬ ፍርድ ቤት ይሄዳል እንዴ?»
«ምዬ ብዋሽ የምታሰረው እኔ ነኝ!»
«ብትናገሪስ? በየትኛው ፊቴ እዚህ ከተማ ልኑር?»
ዓሣዋን ሳትነካ ተነሣች። ላስቆማት ነበር... ምን ብዬ?

ኦክቶበር 17
ማልኩ። ዐቃቤ ሕጉ «ባለቤቱ አስቀድመው ያውቁ ነበር?» አለኝ።
«ታውቅ ነበር።»
«እርስዎ በምን አወቁ?»
«ሳህን ስናጥብ ነገረችኝ።»
ከመርማሪ ዳኞቹ አንዱ ፈገግ አለ።

ኦክቶበር 19
ማርሊስም ምላ መሰከረች፤ ስትወጣ ራሷ ለጋዜጠኞች ተናገረች። «ከጋዜጣው በፊት አላውቅም፣ ለአርሊንም ምንም አልነገርኳትም» ብላለች። እንግዲህ አንዳችን ውሸታም ነን። ማንን ያምናሉ? ሚስቱን ነዋ!

ኦክቶበር 20
የራሴን ጠበቃ ያዝኩ። «ከማንም ጋር እንዳያወሩ» አለኝ። ስመለስ የጓሮውን በር ቆለፍኩ። እዚህ ቤት ከገባሁ ቆልፌው አላውቅም። ማርሊስ ሳታንኳኳ የምትገባው በሱ ነበር።