የሐፍሳ በርጩማ

ኅዳር 3 ቀን 1998፣ ቅዳሜ

ገበያ። ጠዋት ዘነበ፣ ረፋድ ላይ አባራ። የቡና ለቀማ ስለሆነ ከየገጠሩ የመጣው ሰው ሚዛን ከተማን ሞልቷታል። እኔ ሱቅ ግን... ሁለት ሻሽና አንድ የልጅ ሹራብ። ያው እንግዲህ።

ሐፍሳ ጋ ጢም ብሏል። ጎን ለጎን ነን፣ የምንሸጠውም አንድ ዓይነት ጨርቅ። ከቡታጅራ ከመጣች ገና አራት ዓመቷ ነው፤ የአገሬውን ቋንቋ፣ ያንን ስብርብር ቤንችኛዋን፣ ሳታፍር ታወርደዋለች። ይስቁባታል። አብራ ትስቃለች። ደጇ ላይ ካለው በርጩማ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል።

ዛሬ ማን ተቀመጠበት? እትዬ ተሾመች! እኔን አዝላ ያሳደገችኝ ሞግዚቴ። ለእኔ ከሩቅ "ደኅና ነሽ?" ብላ እዚያ አረፈች። ጨርቅ የማጥፍ መስዬ አዳመጥኩ። ስለ ጥጃዋ ነበር በቤንችኛ የምትነግራት። ሁሉም ይገባኛል፣ አንድ ቃል አያመልጠኝም። ለእኔ ስለ ጥጃዋ ነግራኝ ታውቃለች?

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 4

ከቅዳሴ መልስ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጎራ አሉ። የእማዬ ጓደኛ፣ ነፍሷን ይማርና፤ የዕድራችን ምላስ። ሐፍሳን አነሡ። የገበያ መሳቂያ ሆነች አሉ። አንቺ ግን የእናትሽ ልጅ ነሽ፣ ክብርሽን ታውቂያለሽ አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... አላለኝም።

እማዬም እንዲሁ ትል ነበር። የማትችዪውን አትናገሪ፣ ሰው ይስቅብሻል። እችላለሁ እኮ! ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ። ግን ቤንችኛ ድምፁን አንድ ቦታ ላይ ከፍ ዝቅ ማድረግ ከሳቱ አለቀ። ገበሬው ይስቃል። የእኛዎቹ ደግሞ ማናልሞሽ ወረደች ይላሉ። ከሁለት በኩል መሳቂያ መሆን ማን ይወዳል?

ኅዳር 8

ዝናብ። ሰው የለም። ሐፍሳ ጋ አለ።

ኅዳር 11

ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ሞከርኩት። ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ከብቱ እንዴት ነው... በቤንችኛ። ባሌ ጌታሁን ለካ ገብቷል። ከማን ጋር ነው የምታወሪው አለኝ። ጸሎት ላይ ነኝ አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ባሌን እንኳ ልዋሸው?

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

እትዬ ተሾመች ዛሬ እኔ ሱቅ መጣች። እንደቆመች። የምትቀመጥበትም የለኝ። ቴፒ ልትሄድ ነው፣ ልጇ ጋ ልትኖር። የሚመጣው ቅዳሜ የመጨረሻ ገበያዋ ነው። በአማርኛ ነው የነገረችኝ፣ ቃሉ ሲጠፋባት በእጇ እያገዘችው። "ልጅ ቤት ሠራ። እኔ ሄድኩ እዛ። አንቺ... ደኅና ሁን።" ሻሽ የምትመርጥ አንዷ ከኋላዋ ፍርስ ብላ ሳቀች። እትዬ ዘወር ብላ አየቻትና ንግግሯን ቀጠለች።

እኔ "እሺ" አልኳት። እሺ! ሌላ ቃል አጣሁ?

ከዚያ ሐፍሳ ጋ ሄደች። ሐፍሳ በዚያ በተጣመመ ቤንችኛዋ እያለቀሰች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ያ እንባ የእኔ ነበር።

ኅዳር 20

የዚያች ሴት ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። እትዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ በእኔ ቋንቋ ስትሳሳት ኖረች። ቤታችን፣ ገበያው ላይ፣ በእማዬ እንግዶች ፊት። ስንቱ ሳቀባት። አንድ ቀን ዝም አለች? አላለችም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

የእትዬ የመጨረሻ ገበያ።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ነጠላ ያስመርጡኝ ነበር። ሐፍሳ ደጅ ሰው ተኮልኩሏል፣ እትዬ በርጩማው ላይ። ነጠላውን እጃቸው ላይ ትቼ ወጣሁ። "እትዬ" አልኩ። የቀረውን በቤንችኛ፣ ጮክ ብዬ፦ "አዝለሽ ያሳደግሽው እኔን ነው። እኔ ጋ ተቀመጪ።"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እትዬ ራሷ በሻሿ ጫፍ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። ጆሮዬ ነደደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ... አልተከፈተችም። እትዬ ያልኩትን አቃንታ፣ ቀስ አድርጋ፣ ለሕፃን እንደሚባል ደገመችልኝ። ተከትያት አልኩት። እንደገና ሳቁ፣ የአሁኑ ቀለል ያለ ነው። ይኼኔ ተነሣች፤ የሐፍሳን በርጩማ ብድግ አድርጋ እኔ ደጅ አምጥታ ተቀመጠችበት!

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አወራችኝ። ለካ እኔ አፌን የፈታሁት በቤንችኛ ነው! የመጀመሪያ ቃሌ "ነይ" ነበር፣ ለእሷ። እማዬ ሰምታ ደነገጠች፤ ሁለተኛ በቋንቋሽ እንዳታናግሪያት ብላ ከለከለቻት። እያደግሽ ስትሄጂ ዝም አልሽ፣ ጨርሰሽ የረሳሽው መስሎኝ ነበር አለችኝ። አልረሳሁም አልኳት በቤንችኛ። እሱን አልተሳሳትኩም።

ሐፍሳ በሯ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። "ለእኔ ይሄን ነግራኝ አታውቅም" አለች።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ነጠላውን ሳይገዙ ሄደዋል።

ታኅሣሥ 1፣ ቅዳሜ

እትዬ ማክሰኞ ሄደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ጥጃዋን ለወንድሟ ልጅ ትታለች፣ ሄጄ እንዳየው አደራ ብላኛለች። ለእኔ!

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጠዋት ብቅ ብለው ነበር። "ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?" አሉኝ። "ይበል" አልኳቸው። ቀን ላይ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ደጄ በቀረው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሻሽ ዋጋ ጠየቁኝ። በቤንችኛ መለስኩ። የቱ ጋ እንደሳትኩ እንጃ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቀና ስል ሐፍሳ ከሱቋ ብቅ ብላ ታየናለች። ያን አስተያየት እኔ ካላወቅኩት ማን ያውቀዋል?

"ማናል፣ በርጩማዬን" አለችኝ።

ሰው ተቀምጦበታል አልኳት።