የለመንካቸው በረራዎች

እሑድ፣ ሰኔ 3
ከምሳ በኋላ

ለምወድህ፣ ከሰማይ አልወርድ ላልከኝ ባለቤቴ፤

እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን» ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን ናፍቆትህን እንዲህ በሁለት ቃል ዘልዬው መሄድ አልችልም። አውሮፕላን በቤታችን ላይ ባለፈ ቁጥር እናትህ ወደ ሰገነቱ ይወጣሉ። «እማማ፣ እሱ እኮ በዚህ መስመር አይበርም» ስላቸው፣ «ታዲያ ሰላም ብንለው ምን ይጎዳናል? ይሄኛውም የሰው ልጅ ነው» ብለው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ እኔም ከኋላቸው ቆሜ አወዛውዛለሁ።

ለምን በስልክ እንዳልነገርኩህ ትገረም ይሆናል። ሞክሬ ነበር። አንተ ግን ስልክ ላይ ማሳቅ ታውቅበታለህ፤ ታስቀኝና ነገሬን ታስረሳኛለህ። ወረቀት አያስቅም፣ አያቋርጥም። ስለዚህ አርፈህ ተቀመጥና አንብብልኝ።

መጀመሪያ ስለ ልጅህ። ዳኛዋ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ወልቆም ዳኝነቷን አልተወችም፤ ትናንት የጎረቤት ልጆች በኳስ ተጣልተው መጡና «ኳሱ ራሱ ነው ጥፋተኛው» ብላ ፈርዳ ኳሱን አልጋ ስር አሰረችው። ለትምህርት ቤቱ መዝጊያ ጽሑፍ እንድታነብ ተመርጣለች። አባቴ ይመጣል ብላ ለክፍሏ ልጆች ብቻ ሳይሆን ለዘበኛውም ነግራለች።

ሐሙስ ዕለት ረዳት አብራሪህ፣ ሎጋው፣ የላክላትን ጫማ ይዞልን መጣ። ጫማው ትንሽ ይሰፋታል፤ ታድግበታለች። ሻይ አቀረብኩለትና ስላንተ መጨዋወት ጀመርን።

«ካፒቴን እኮ ስለእናንተ ሲል ያልለመነው ሰው የለም» አለኝ እየሳቀ።

«ምኑን ነው የሚለምነው?»

«በረራ ነዋ! ዛሬ የሌላውን ተራ ይወስዳል፣ ነገም ይደግማል። እረፍቱን አንድ ላይ አጠራቅሞ ወደ ቤቱ ለመምጣት ነዋ። እኛማ ለማኙ ካፒቴን ነው የምንለው።»

እኔም አብሬው ሳቅኩ። እሱም ሳቄን አይቶ ቀጠለ፤ «ባለፈው ለማረፍ ስንወርድ ጠራሁት፣ ዝም አለኝ። ደግሜ ጠራሁት፣ ዝም። ትከሻውን ስነካው ‹አለሁ› አለኝ። ዓይኑ እኮ ክፍት ነበር!» ከዚያ ፊቴን አየና ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳር እንኳ አልጨመረበትም ነበር። አደራ፣ እንዳትቆጣው። የማውቅ መስሎት ነው።

ያንን ሁሉ ጊዜ ድርጅትህን ስረግም ከርሜያለሁ። ባሌን የሚበላ ጅብ ነው እያልኩ ለመጣ ለሄደው አማሁት። ለካ ጅቡ ሳይሆን አንተው ነህ ራስህን አሳልፈህ የምትሰጠው፤ ያውም ለኛ ብለህ። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። የትኛዋ ሴት ናት እንዲህ የምትናፈቀው ብዬ ጉራ ቢጤም ተሰማኝ። ወዲያው ግን የመኪናው ነገር ትዝ አለኝ።

ባለፈው ስትመጣ ከእህቴ ቤት ስንመለስ ታስታውሳለህ? ጠራራ ፀሐይ ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዳኛዋ ከኋላ ትዘፍናለች። አንተ በዚያ በተረጋጋ ድምፅህ «መሪው ያንተ ነው» አልክ። ከዚያ ሁለቱንም እጆችህን አንስተህ ጉልበትህ ላይ አስቀመጥክ። እኔ ፍሬኑ የትኛው እንደሆነ እንኳ የማላውቀው ሴት መሪውን አንቄ ያዝኩት። ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ሲመታ ነው ቀና ያልከው፤ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ብለህ ደግሞ እኔን ተቆጣኸኝ!

የለመድኩት ቀልድህ መስሎኝ ትከሻህን መታሁህ። «ልጅ ይዘህ እንዲህ ያለ ቀልድ አትቀልድ» አልኩህ። ዳኛዋም ከኋላ «አባዬ ጥፋተኛ ነው» ብላ ፈረደች። አንተ እቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስክም። ያን ቀን ያኮረፍክ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ዝም ያልከው ቀልድ እንዳልነበረ አንተም ስላወቅክ ነው።

አውሮፕላን ላይ አንዱ አብራሪ «ያንተ ነው» ሲል ሌላው «የኔ ነው» ብሎ ሳይመልስ ማንም እጁን አይለቅም፤ ይህንን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እኔ እኮ «የኔ ነው» አላልኩህም።

ሎጋው ስለ ሕጉ ነግሮኛል። ተራ ስትለዋወጡ ሰዓቱ ተደምሮ ከልኩ እስካላለፈ ድረስ የሚጠይቅህ የለም። ሕጉ የበረርክበትን ሰዓት ይቆጥራል እንጂ ሆቴል አልጋ ላይ ጣሪያ ስታይ ማደርህን ከየት ያውቀዋል? የተረፈችህን እረፍት ደግሞ እኛ ጋ ለመድረስ መንገድ ላይ ትጨርሳታለህ። መጥተህም ማንኪያ እንደያዝክ ገበታ ላይ ታንቀላፋለህ። እናትህ «ቤቱ ስለገባ ነው፣ ልቡ አርፎ ነው» ይላሉ። እኔም እንደሳቸው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ።

ድካም ምን እንደሚሠራ እኔም በልኬ አውቃለሁ። በቀደም ዩኒፎርም ስሰፋ ውዬ ደክሞኝ፣ የአንዱን ልጅ ሱሪ ኪስ አፉን ጥርቅም አድርጌ ሰፍቼ ሰጠሁት። እናቱ እየሳቀች መለሰችው፤ «የኔ ልጅ ብር አያባክንም ብለሽ ነው?» አለችኝ። ክሩን ተረተርኩና ጨረስኩ። አንተ ግን የምትተረትረው ክር የለህም። ከኋላህ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ የሚጠብቀው አለው። ስንቷ እንደኔ ባሏን ልታይ የምትሄድ ትኖራለች?

አውቃለሁ፣ «ደክሞኛል» ማለት ካፒቴን አፍ ላይ አይመጣም። «አልችልም» ያልክ ይመስልሃል። ሕጉ ራሱ እኮ ደክሞኛል እንድትል ፈቅዶልሃል፤ ያልፈቀድክለት አንተ ነህ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ተራ ወደምትመድበዋ ሴትዮ ሂድና እንደ ሰው «ደክሞኛል» በላት። የለመንካቸውን በረራዎችም ለባለቤቶቻቸው መልስ።

ለመዝጊያውም አትምጣ።

ይህቺን አንዲት መስመር ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ ብታይ ትስቅብኝ ነበር። ሳሎኑን ጠረግኩ፣ ሰሃን አጠብኩ፣ መስኮት ወለወልኩ። ቤቱ እንዲህ ጸድቶ አያውቅም።

ለዳኛዋ ነግሬያታለሁ። «አባዬ በጣም ደክሞታል፣ መተኛት አለበት» አልኳት። «ታዲያ እዚህ መጥቶ ለምን አይተኛም?» አለችኝ። ጥያቄዋ የዳኛ ነው። ይልቅ አንድ ነገር አስቤያለሁ፤ ትምህርት ሲዘጋ ወደምትሠራበት ከተማ እኛ እንምጣልህ። አንተ ስትተኛ እኛ ከተማውን እንዞራለን፣ ስትነሳ እንገናኛለን። እስኪ አንድ ጊዜ እንኳ መንገዱ ለኛ ይሁን።

እናትህ «የልጄን ዓይን ከእንቅልፍ አታጣላው፣ ከፍ ሲልም ዝቅ ሲልም ጠባቂው አይለየው» ብለው መርቀውሃል። «ቶሎ ና በይልኝ» ብለዋልም። እሺ ብያቸዋለሁ፤ መልእክታቸውን ግን እንደደረሰህ አትቁጠረው።

አንተን አውቅሃለሁ። ይህን አንብበህ ስትጨርስ «እሷ አትምጣ ብትልም ልቧ ና ነው የሚለኝ» ትላለህ። ልክ ነህ፣ ና ነው የሚልህ። እባክህ ልቤን አትስማው። የጻፍኩልህን ስማ።

የናፈቀችህና የናፈቅካት
ሚስትህ