የጉንዳኗ ምት

ታኅሣሥ 19
የተማሪ ቀሚስ ስሰፋ ዋልኩ። ክሩ እየተበጠሰ አበሳዬን አሳየኝ። አባዬ ሲያስል አድሮ ቀን ደጃችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተኝቶ ዋለ። እራት ሩዝና የትናንቱ የዓሣ ወጥ። ሌላ ምን አለ? ምንም።

ታኅሣሥ 21
አዲሱ ቄስ፣ አባ ኢሩዳያም፣ በሞተር ሳይክል መጡ። ታች ሰፈር ድረስ። የበፊቱ ቄስ ሰው ሲሞትብን እንኳ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ነበር ጸበል የሚረጩት። እኚህ ገብተው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ።

ለአዲሱ ሩዝ በዓል፣ ለፖንጋል፣ ያሰቡትን ነገሩን። ቅዳሴው ላይ ፍጥረት ሁሉ በየስሙ እየተጠራ እግዚአብሔርን ሊያመሰግን ነው። ፀሐይ፣ ዝናብ፣ በሬ... ጉንዳን ሳይቀር። ጠሪዋ እኔ። በፍጥረቱ ፋንታ የሚመልሰው ደግሞ የአባዬ ከበሮ።

"መሠዊያው ፊት ቆመው ነው የሚመቱት፣ አባባ ሱሳይ" አሉት።

አባዬ፣ "በየትኛው በር ነው የምገባው?" አለ።

"በትልቁ።"

ዕድሜ ልኩን የላይ ሰፈርን ሬሳ በከበሮ ሲሸኝ የኖረ ሰው ነው። ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ እሱ ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። እኛ ታች ሰፈሮች፣ በዘራችን ርኩስ የተባልነው፣ ለጸሎት እንኳ በጎን በር ገብተን ከኋላ ነው የምንቆመው። አሁን በትልቁ በር... ተስፋ ላድርግ? እንጃ።

ታኅሣሥ 24
አባዬ የከበሮውን ቆዳ ቀየረ። ቤቱ የላም ቆዳ ሸተተ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ ሰፋሁ። ጎረቤታችን እትዬ ሳቫሪ በአጥር አሻግራ፣ "ምነው አሮክያ፣ አባትሽን ልትድሪው ነው እንዴ?" አለችኝ።

"አንቺ እሺ ካልሽ ሙሽራዋ ተገኝታለች" አልኳት።

አባዬ እስኪያስለው ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው?

"አንዲት ቀን መሠዊያው ፊት ልምታ እንጂ ከዚያ በኋላ ይውሰደኝ" አለ። ተው፣ እንዲህ አትበል አልኩት።

ታኅሣሥ 28
ልምምድ፣ ደጃችን ላይ። አባም መጥተዋል። አባዬ የሩዝ ገለባ አቀጣጥሎ ከበሮውን አሞቀ፤ ቆዳው ካልሞቀ ድምፅ የለውም። እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይመልሳል። በሬ ስል ከበድ ከበድ ያለ እርምጃ። ዝናብ ስል መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ዶፍ። ጉንዳን ስል ሁለቱንም የመምቻ ዘንግ ጣለና ቆዳውን በአንድ ጣቱ ጥፍር ኮርኮር አደረገው።

አባ በሳቅ ፈረሱ። "ጉንዳን እንደዚህ ነው የሚያመሰግነው?"

"ሌላ ምን አቅም አለው፣ አባ?"

ደስ አለኝ። ልጻፈው፣ በኋላ እንዳልክደው። ዓለሙ ሁሉ አንድ ላይ የሚዘምር መሰለኝ። ፍየላችን እንኳ።

ጥር 1
አውቄው ነበር።

የላይ ሰፈር ሽማግሌ ራያፓን ሰዎቹን ሰብስቦ ቄሱ ቤት ሄዷል። የሞተ ላም ቆዳ፣ የሬሳ ከበሮ፣ መሠዊያ ፊት አይቆምም ብሎ። እንቢ ካሉት ላይ ሰፈር በሙሉ ከበዓሉ ይቀራል። ከከተማ የፕላስቲክ ከበሮ ተገዝቷል። የሚመታው የራያፓን የወንድም ልጅ፣ ጄራልድ።

አባ ይህን ሲነግሩን ዓይናችንን አላዩም። "ለዘንድሮ ብቻ ታገሱኝ። እና... ምቱን ለልጁ ቢያሳዩት?"

ጆሮዬን አላመንኩም። አባዬ ደግሞ እሺ አይላቸው መሰላችሁ! እያልኩ ለማን ነው የምጽፈው... እሺ አላቸው።

ሲሄዱ ጮህኩበት። "ምን ነካህ? ክብር የለህም?"

"ምቱ እንኳ ይግባ" አለ።

እራት አልበላሁም።

ጥር 3
ጄራልድ መጣ። አልገባም፣ አልተቀመጠም። ኒሙ ሥር ቆሞ የአባዬን እጅ በስልኩ ቀረጸ። የልጅ ልጁ የሚሆን ጎረምሳ፣ "ሱሳይ፣ ጉንዳኗን ድገማት። ቀስ በል፣ አልተቀረጸም" ይለዋል። አባዬ ደገመለት። እኔ ስፌት ላይ ነበርኩ፣ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ውሃ አቀረብኩለት፣ ላይ ሰፈሮች ከእጃችን እንደማይጠጡ እያወቅኩ፣ ሆን ብዬ። "ጠጥቼ ነው የመጣሁት" አለ።

ጥር 7
ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አዲሱ ሩዝ በወተት ተጥዶ ገነፈለ፣ እልል ተባለ። ከዚያ ከብቶቹ። ቀንዳቸው ቀይና ሰማያዊ ተቀብቶ፣ አንገታቸው ላይ አበባ፣ በትልቁ በር ገብተው ጸበል ተረጩ። የራያፓን በሬ ደረጃው ላይ እበቱን ጣለ፣ በረከት ነው ተብሎ ተሳቀ። በሬው ከነቆዳው ገባ። ቆዳው የሚረክሰው ለብቻው ሲሆን ነው ማለት ነው? ወይስ እኛ ስንይዘው?

አባዬ ከበሮውን አንግቦ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። "ለመስማት ያህል ነው" አለኝ። ግን ገለባ ይዟል። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ጠራሁ። ፀሐይ ታመስግን። ዝናብ ያመስግን። ጄራልድ ደህና መታ፣ አልዋሽም፤ ፕላስቲኩ እንደ ባልዲ ጮኸ እንጂ። ጉንዳን ስል በጥፍሩ ኮረኮረ፣ ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። የአባዬን ጥፍር አጨበጨቡለት። ለሌላ ሰው።

መጨረሻ ላይ አሜን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። "ከአጥር ውጭ የቆመው ሱሳይ ያመስግን" አልኩ። በማይክሮፎን።

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ጠበቅኩ። አንድም ምት የለም። ራያፓን "አሜን" አለ፣ ሕዝቡ ተቀበለ፣ አለቀ።

ሮጬ ወጣሁ። አባዬ አመዱ አጠገብ ቁጭ ብሏል፣ እግሩ ጭቃ ነው። በሬዎቹ እሳት ይፈራሉ ብለው የራያፓን ሰዎች ውሃ ደፍተውበታል። ገለባው ላይም፣ ከበሮው ላይም።

"ስትጠሪኝ መትቻለሁ" አለኝ። "አልተሰማም እንጂ።"

እግዚአብሔርስ? ሰምቶ ይሆን? ሰምቶ ዝም ካለ ይብሳል። እሱንም እንደ ሰዎቹ ተቀይሜዋለሁ።

ጥር 10
ቅዳሴ ቀረሁ። አባ መጡ፣ በር አልከፈትኩላቸውም። ከበሮው ኒሙ ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል።

ጥር 22
የራያፓን እናት ሞቱ። ጠዋት መልእክተኛ መጣ። "ሱሳይ፣ ና ተብለሃል።"

አባዬ ለዚህ ጥሪ እንቢ ብሎ አያውቅም። ትኩሳት ይዞት እንኳ ይሄድ ነበር። ዛሬ ከምንጣፉ አልተነሳም። "ከበሮ አላችሁ፣ መቺም አላችሁ" አለው።

ከሰዓት ጄራልድ ራሱ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ አያቱ ናቸው። ገብቶ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ።

"አባባ፣ ያሳዩኝ የምስጋናውን ብቻ ነው" አለ። "የለቅሶውን አልችልበትም።"

አባዬ ትኩር ብሎ አየው። አዘነለት፣ አውቀዋለሁ። ሊነሳ ነው ብዬ ፈራሁ።

"የለቅሶው የሚለመደው ከአጥር ውጭ ቆመው ነው፣ ልጄ" አለው። "በስልክ አይቀረጽም።"

ሬሳው ያለ ከበሮ አለፈ። ደጃችን ሆነን ኮቴያቸውን ብቻ ሰማን። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

ሲመሽ አባዬ ገለባ ለኮሰ፣ ከበሮውን ዙሪያውን አሞቀው። እትዬ ሳቫሪ ልጆቿን ይዛ መጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ያ የምስጋና ጥሪ ትዝ ይልሻል?" አለኝ አባዬ።

"እኔ አላመሰግንም፣ አባዬ።"

"አንቺን ማን አመስግኚ አለሽ? ፍጥረቶቹን ጥሪያቸው ብቻ።"

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "ከማን ልጀምር?"

ዘንጎቹን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ከጉንዳኗ።"