የጆንያው መሐል

ጥር 13

ቀትር ላይ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም ዛሬ። ሽኩር ሱቁን ዘጋ። እንደ ወትሮው ከጓሮው ክፍል ገባን፤ እሱ ወንበር ላይ፣ እኔ አንገረቡ፣ የጠፍር አልጋው፣ ላይ ጋደም ብዬ። ቬንቲሌተሩ ይንቋቋል። ሚስቱ ረቢዓ ከርከዴ አመጣችልን፤ ቀዝቃዛ፣ ስኳሩ የበዛ።

የዛሬው ፊልም የህንድ ነው። ጀግናው አምስት ጥይት ተመታ። ከዚያ ተነስቶ ዘፈነ። ሁለተኛ ደረጃ ሰጠሁት። ሽኩር ተቆጣ፤ ለሱ የህንድ ሁሉ አንደኛ ነው። ሰው አምስት ጥይት ተመትቶ እንዴት ይዘፍናል ብለው፣ አንተ አንድ ጥርስህ ተነቅሎ ሳምንት ሙሉ ለፍልፈሃል፤ እሱ ቢዘፍን ምን ይገርማል አለኝ።

ደረጃውን በካርቶን ጽፌ ሰጠሁት፤ ከሱቁ በር ላይ ሰቀለው። ፊልም በፍላሽ ሊያስጭን የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ ካርቶኑን ነው የሚያየው። ሽኩር ገበያዬን ገደልኸው ይላል... አውርዶት ግን አያውቅም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሰሊጥ መርምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ምን ያውቃል? ብረቱን ጆንያው ውስጥ መስደድ፣ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ናሙና ማውጣት፣ ደረጃ መስጠት። አጭበርባሪ ነጋዴ ከላይ ንጹሑን ያደርጋል፤ መሐሉ አሸዋ ነው። ፊልም ሠሪም ያው ነጋዴ ነው።

ትንሽ ሳላሸልብ አልቀረሁም። ግን ምንም አላመለጠኝ። ይህ ፊልም የሚሉት ነገር ቀርፋፋ ነው። ዓይኔን ስከድን ሰውየው በር ሊያንኳኳ እጁን አንስቷል፤ ስገልጥም እጁን እንዳነሳ ነው። ህንዶች ጊዜ ተርፏቸዋል።

ጥር 15

የቱርክ። እናት ታለቅሳለች፣ ልጅ ታለቅሳለች፣ የቤት ሠራተኛዋ ታለቅሳለች፣ ዶክተሩም አለቀሰ። እርጥበቱ ከልክ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰሊጥ መጋዘን ቢገባ በሳምንቱ ይሻግታል። አራተኛ።

ረቢዓ ከበሩ ቆማ ስታየው ኖሯል፤ እሷም አልቅሳለች። ከርከዴው ያለ ስኳር መጣ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ህሊና ከሸሕዲ መጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ አትቀርም። የልጄ ልጅ አስተማሪ ሆነች ሲሉኝ አሁንም አላምንም... ትናንት አይደል ፊደል ያስቆጠርኋት? ሰሞኑን ስልኳ ከእጇ አይወርድም። በር ትቀርጻለች፣ ውሻ ትቀርጻለች፣ ጥላ ትቀርጻለች። ምን ልታደርገው ነው? አልጠየቅኋትም። እኔም በወጣትነቴ ሬዲዮ ፈትቼ መግጠም አቅቶኛል።

ማታ ፍላሽ ሰጠችኝ።

“አባባ፣ ይህን ይዩልኝ። ሃያ ደቂቃ ነው። እውነተኛ ደረጃውን ይንገሩኝ፤ እንዳያለሰልሱት።”

ማን ሠራው አልኋት። አንድ የሸሕዲ ልጅ አለች። የካቲት አንድ ቀን ሸሕዲ አዳራሽ ውስጥ የወጣቶች ፊልም ይታያል፤ ይህም ተመዝግቧል። ግን ሠሪው እርስዎ አያልፍም ካሉት አላሳይም ብሏል አለችኝ። ብልህ ልጅ ነው አልሁ። ሳቀች። ጥፍሯን እየበላች ነበር የሳቀችው... ለሰው ፊልም ምን አስጨነቃት?

ጥር 19

ሽኩርና ረቢዓ ገለጉ ሄዱ፤ የእህቱ ልጅ ኒካህ ነው። በጭነት መኪና። ሁለት ቀን አለኝ። በገለጉ መንገድ ሁለት ቀን? እንግዲህ አምስት ነው።

የጓሮውን ቁልፍ ሰጠኝ። ሪሞቱንም በሁለት እጁ፣ ሕፃን እንደሚያስረክብ ሰው።

“ያ ዞል፣ ሰውዬ፣ ብቻህን ትችላለህ?”

ቴሌቪዥን ማየት ምን ችሎታ ይጠይቃል? ሂድ ወዲያ አልሁት። ራሱን እየነቀነቀ መኪናው ላይ ወጣ።

ጥር 20

ያን ፊልም አየሁት። ብቻዬን። ከርከዴ የለም፤ የሚሰድበኝም የለም። ቬንቲሌተሩ ብቻ።

ሲጀምር የኛው መተማ ነው፤ ቀትር፣ የተዘጉ በሮች። ውሻ ከጋሪ ሥር። ሥዕሉ ንጹሕ ነው፤ ባዕድ ነገር የለውም። አንዲት ሴት ከኋላ ሆና “በዚህ ሰዓት ሰው ሁሉ የት ነው?” ትላለች። ጥሩ ጥያቄ። ከዚያ... ከዚያ በሮቹ ተከፍተዋል፤ ገበያው ደርቷል፤ አለቀ። ይኸው ነው? በር ተዘጋ፣ በር ተከፈተ። እንደ ሌላው ፊልም ቀስ እንኳ አይልም፤ ዘልሎ ሄደ። ትንሽ ሳላሸልብ አልቀረሁም መቼም፤ ግን አሸልቤስ መቼ አምልጦኝ ያውቃል?

አራተኛ ደረጃ። ገለባ አለ፤ ፍሬ የለም።

ጥር 21

ለህሊና በስልክ ጻፍሁላት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እነዚህን ፊደሎች ለጉንዳን ነው የሠሯቸው። “አራተኛ። ላይኛው ጥሩ፣ ታችኛው ጥሩ። መሐሉ ባዶ ነው። ቢቆረጥ ይሻላል።”

መልሱ ወዲያው መጣ። “እሺ አባባ። አመሰግናለሁ።”

አመሰግናለሁ? ይህች ልጅ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ስለ ክረምት ዝናብ እንኳ ስትከራከረኝ ያደገች ናት። የቱርኩን አራተኛ ስለው ሁለት ሰዓት ሙሉ ነበር የነዘነዘችኝ። ምን ነካት?

ጥር 24፣ ቅዳሜ

አልመጣችም።

ደወልሁ። የፈተና ወረቀት አለብኝ አለች። ድምፅዋ ቀጠን ብሏል። የዚያ ልጅ ፊልምስ አልሁ። ልጁ ተወው፣ ከዝርዝሩም አስወጣው አለች። እኔም ሞኙ... ደግ አደረገ፣ ሲበስል ያሳያል አልኋት። ከዚያ “ይዋሉ አባባ” ብላ ዘጋችው።

ሽኩርም አልተመለሰ። አምስት ቀን ብዬ አልነበር?

ጥር 26

ሽኩር ዛሬ ደረሰ። የጭነት መኪናው ጎማ ፈንድቶ ሁለት ቀን በረሃ ላይ አድረዋል። እንደ ወፍጮ ቤት ሰው አቧራ ለብሷል፤ ቅንድቡ ሳይቀር። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ

“እህ፣ እንዴት አየኸን?” አለኝ።

“ማንን?”

“እኔንና አንተን ነዋ። የህሊናን ፊልም።”

የህሊና? ... ተቀመጥሁ። እሷ ናት ለካ የሸሕዲው ልጅ። ሽኩር ሁሉን ያውቃል፤ ሁለት ወር ሙሉ፣ ከቅዳሜ ሌላም ተደብቃ እየመጣች፣ እዚሁ ክፍል ስትቀርጽ እሱ ነው በር የከፈተላት፤ እኔ ስተኛ። በድንገት ደስ ላሰኘው ነው ብላ ምስጢር አስይዛዋለች። መሐሉ ሁሉ አንተና እኔ ነን አለኝ።

መሐሉ ባዶ ነው አልሁት።

የስኳሩ ጆንያ ላይ ወድቆ ሳቀ። ረቢዓ ምን ሆነ ብላ እየሮጠች መጣች። ሲስቅ ሲስቅ ቆየና ዓይኑን ጠርጎ አየኝ።

“ይህንን ለሷ ነገርሃት?”

“ጻፍሁላት።”

“አንተ ሰው...” አለ። ከሽኩር አፍ ስድብ ሲጠፋ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ጥር 27

ቀትር ላይ ፍላሹን ሰካው። አንገረቡ ላይ አትጋደምም፣ ወንበር ያዝ አለኝ። ብርጭቆ ውሃ ከጎኑ አስቀመጠ፤ ዓይንህን ከከደንህ እደፋብሃለሁ አለ።

አየሁት። እስከ መጨረሻው።

የተዘጉ በሮች። “በዚህ ሰዓት ሰው ሁሉ የት ነው?” ከዚያ አንድ በር ቀስ ብሎ ይከፈታል... ይኸው ክፍል። አንገረቡ ላይ አንድ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። እርሳሱ ከነካርቶኑ ደረቱ ላይ። እንዴት ያለ ማንኮራፋት ነው! የትራክተር ሞተር ነዳጅ ሲያልቅበት እንዲህ ነው።

ከጎኑ ሽኩር። ሪሞቱን አንስቶ ይጫናል፤ ፊልሙ ይቆማል። ሰውየው በር ሊያንኳኳ እጁን እንዳነሳ ይቀራል። ሽኩር ድምፅ እንዳያሰማ ወንበሩን አይጎትትም። በካርቶን ዝንብ ያባርርልኛል። የሙስባሐ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። አንድ ደንበኛ ሱቁን ያንኳኳል፤ በጣት ጫፍ ሄዶ “በኋላ ና” ይለዋል። ይመለሳል። ይቀመጣል። ይጠብቃል። ስነቃ... አንድ ዓይኔ ብልጭ ሲል ይጫናል፤ ሰውየው በሩን ያንኳኳል።

የህሊና ድምፅ ይጠይቀዋል።

“ጋሽ ሽኩር፣ ለምን ያቆሙታል?”

“ካላቆምሁት አይገባውማ። ካልገባው ደግሞ አምስተኛ ይለዋል።” ይስቃል። ከዚያ ዝቅ ብሎ “አያትሽ መነን ካረፈች ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። እዚህ ብቻ ነው የሚተኛው። ፊልሙ ቢቆም ምን ይሆናል? አይሸሽም” ይላል።

አራት ዓመት። አራት ዓመት ሙሉ ፊልሙ በየቀኑ ቆሟል። እኔ ህንዶች ቀርፋፋ ናቸው እላለሁ!

ሽኩር ቴሌቪዥኑን እንጂ እኔን አላየም። ውሃው ሳይደፋ ቀረ። እኔም እንዲደፋብኝ አልፈለግሁም፤ ፊቴ ለራሱ አልደረቀም ነበር።

ጥር 28

በጠዋት ሚኒባስ ሸሕዲ ወረድሁ። ፍላሹ ከቁልፌ ጋር ታስሮ ኪሴ ውስጥ። መንገዱን ሁሉ ምን እንደምል ሳሰላስል... ሌላ መርማሪ መሐሉን ሳይወጋ ደረጃ ቢሰጥ እኔ ነበርሁ ከሥራ የማስወጣው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኋት። ስታየኝ ደነገጠች፤ የሞተ ሰው ያለ መሰላት።

“ተኝቼ ነበር” አልኋት።

“ምን?”

“ፊልምሽን ሳይ። ሽኩር አልነበረም። የሚያቆምልኝ የለም። ላዩንና ታቹን አይቼ ነው የፈረድሁት።”

እሷ እኮ ሌላ ነው ያሰበችው። ሲያንኮራፉ ስላሳየሁዎት፣ የእማማ መነንም ነገር ስለተነሳ የተቀየሙኝ መስሎኝ ነው አለች። ሰባት ቀን ሙሉ የአያቴን ገመና አደባባይ ላወጣ ነበር እያለች ከራሷ ጋር ስትጣላ ከርማለች። መሐሉ ይቆረጥ ስላት... ቆርጣዋለች። ሲቆረጥ የሚቀረው በርና ውሻ ነው። ለዚህ ነው ያስወጣችው።

ዋናው አለ ወይ አልኋት። ስልኳ ሞልቶባት አጥፍታዋለች።

ቁልፌን አወጣሁ። ፍላሹን ስታየው አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ተማሪዎቹ ሁሉ እያዩ። ይህን ያህል ያቀፈችኝ ጥርሷ ሲወልቅ ነው።

ከዚያ አዘጋጆቹ ዘንድ አብረን ሄድን። ዝርዝሩ ተዘግቷል አለ ወጣቱ። ማነው የሠራው ሰው ብሎ እኔን አየኝ። እኔ የሚያንኮራፋው ነኝ አልሁት። ጥቂት ደቂቃ አሳየነው። ስቆ ከመጨረሻው ላይ ጻፋት።

ስንወጣ የማንኮራፋቱን ድምፅ ትንሽ ቀንሽው ብዬ ለመንኋት። አልቀንስም አለች። ይህች ናት የኔ ህሊና።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ሸሕዲ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሟል። ሽኩር አዲስ ጀለቢያ ለብሷል፤ ለኒካሁ እንኳ ያልለበሰውን። ረቢዓ መሐላችን ተቀመጠች፤ እንዳንነታረክ።

ሳንኮራፋ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ “ይህንን ትራክተር ማነው ያስነሳው” አለ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሽኩር ሪሞቱን ሲያነሳ ሳቁ ቀነሰ። ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ... የቆሙት ሁሉ ወደ ፊት ተጠጉ። አይሸሽም ሲል ረቢዓ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። እርጥበት አለው አልኋት ቀስ ብዬ። በክርኗ ጎኔን መታችኝ።

ህሊና ከግድግዳው ዳር ቆማለች። ፊልሙን አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው። ዓይኔን በሁለት ጣት ከፍቼ አሳየኋት።

ስንመለስ ካርቶን ጻፍሁ፤ ሽኩር በሩ ላይ ሰቀለው። “የህሊና ፊልም፦ አንደኛ። የመርማሪው ሥራ፦ ውድቅ። ተኝቶ ነበር።” የልጅ ልጁ ስለሆነች ነው የሚል ካለ ገብቶ መሐሉን ይይ።

የካቲት 3

ሽኩርን ልፈትነው አልሁ። ፊልሙ በተጀመረ በሩብ ሰዓት ዓይኔን ከደንሁ፤ የውሸት። ጠቅ... ቆመ። ጠበቅሁ። ስንት ጊዜ ይቆያል ይህ ሰው? ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈ፤ ሊገድለኝ ነው። በካርቶኑ አባረረልኝ።

“ተነስ” አለኝ በመጨረሻ። “እንዳልተኛህ ካወቅሁ ቆይቻለሁ።”

“በምን አወቅህ?”

“ሰላም ነበር።”

የካቲት 5

የህንድ፤ ያው የአምስት ጥይቱ ፊልም። ሽኩር ከጠዋት ጀምሮ ዕቃ ሲያራግፍ ውሎ ነው የገባው። ጀግናው ሁለተኛውን ጥይት ሳይመታ የሽኩር አገጭ ደረቱ ላይ ወደቀ። ከአራት ዓመት አንድ ቀን!

ሪሞቱን ከእጁ ቀስ ብዬ አወጣሁ። ብዙ ቁልፍ አለው... መጀመሪያ ድምፅ ጨመርሁ፣ ቀጥሎ ወደ ዜና ሄድሁ። ሦስተኛው ላይ አገኘሁት።

ሽኩርም ያንኮራፋል ለካ። ለህሊና ነግሬ ላስቀርጸው ነው።

ረቢዓ ከርከዴ ይዛ መጣች። ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ፤ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። ይህን የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው፤ በግራ እጄ ዝንብ እያባረርሁ። ዛሬ እንቅልፍ የሚባል አልመጣብኝም።

ሰውየው በር ሊያንኳኳ እጁን አንስቶ ቆሟል። ይቁም።